ሮበርት ኦወን፦ ደግነትን ሕግ ለማድረግ የታገለ ሰው



እኛ እጩ መምህራን ሥልጠናችንን ጨርሰን ስንወጣ መጀመሪያ እጃችን የሚገባው ጠመኔ ሳይሆን አንድ ወረቀት ነው፤ የቅጥር ደብዳቤ ወይም የሥራ ውል። ብዙዎቻችን ደመወዙ የተጻፈበትን መስመር አይተን ፊርማችንን እናኖራለን። ለመሆኑ ውል ማለት ምንድን ነው? አንዱ ጠግቦ ሌላው ተርቦ ሲዋዋሉስ እውነተኛ ውል ሊባል ይችላል ወይ? ሕግስ ወጥቶ ጠባቂ ቢያጣ ምን ይፈይዳል? እነዚህን ጥያቄዎች በደረቁ ከምናነሳቸው በአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ብናያቸው ይሻላል ብለን የሮበርት ኦወንን ታሪክ መርጠናል። ይህ ሰው ራሱ የፋብሪካ ባለቤት ሆኖ ሳለ ለሠራተኛው የተከራከረ፣ ለሕፃናትም ትምህርት ቤት የከፈተ ነው። ከአገራችን ሕጎች በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኮርቻ ሰፊ ቤት የወጣው ልጅ

ኦወን ሜይ 14 ቀን 1771 በዌልስ ምድር ኒውታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኮርቻ ሰፊና የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴ ነበር። ከሰባት ልጆች ሮበርት ስድስተኛው ነው። ቀለም ቶሎ ስለገባው ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አስተማሪው ረዳት አድርጎ ሌሎቹን ልጆች እንዲያስጠና አዘዘው። በእኛ የቄስ ትምህርት ቤት ቀደም ያለው ተማሪ ለጀማሪው ፊደል እንደሚያስቆጥረው ዓይነት መሆኑ ነው። በ10 ዓመቱ ግን ትምህርቱ አበቃና እንጀራ ፍለጋ ከቤት ወጣ።

ስታምፎርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ጄምስ ማክጉፎግ የተባለ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ለሦስት ዓመት ተለማማጅ አድርጎ ተቀበለው። ስምምነቱ ግልጽ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ የለም፤ በሁለተኛው 8 ፓውንድ፣ በሦስተኛው 10 ፓውንድ ይከፈለዋል፤ ምግብ፣ መኝታና የልብስ እጥበት በአሠሪው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሥራ ውል ማለት ይኸው ነው። አንዱ በሌላው ትእዛዝ ሥር ሆኖ ጉልበቱንና ጊዜውን ይሰጣል፤ ሌላው ደመወዝ ይከፍላል። ሥራው ምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይና ክፍያው ስንት እንደሆነ ከታወቀ ሁለቱም ወገን የሚይዘው ነገር አለው። ማክጉፎግም ቃሉን የሚያከብር ሰው ስለነበር ልጁ ሳይበደል ሙያውን ተማረ።

ኦወን ከዚያ ለንደን ቆይቶ ወደ ማንቸስተር ዘለቀ። ጊዜው የጥጥ መፍተያ ማሽን እንግሊዝን የለወጠበት ዘመን ነው። በ1792 ገና በ20 ዓመቱ የፒተር ድሪንክዎተር ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ 500 ሠራተኞችን ማስተዳደር ያዘ። ደመወዙ በዓመት 300 ፓውንድ ሆነ። ድሪንክዎተር ችሎታውን አይቶ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከትርፉ አራተኛውን እጅ ይዞ ሸሪክ እንዲሆን ተዋዋለው። ኋላ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ገጠመውና ውሉ እንዲቀርለት ጠየቀ። ኦወን አልተሟገተም፤ የውሉን ወረቀት እሳት ውስጥ ጨመረና ሥራውንም ለቀቀ።

ይህ እንዴት ቀለለው? ሙያ ስላለውና ሌላ ቀጣሪ እንደማያጣ ስለሚያውቅ ነው። ከአሠሪው ጋር እኩል ተቀምጦ የሚዋዋል ሰው ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን እንዲህ ሊቀመጡ የማይችሉ ሰዎች ዘንድ ደረሰ።

ፈራሚው ማን ነበር?

በ1799 ኦወን ከሸሪኮቹ ጋር ሆኖ በስኮትላንድ፣ በክላይድ ወንዝ ዳር የነበረውን የኒው ላናርክ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ከዴቪድ ዴል በ60,000 ፓውንድ ገዛ። በዚያው ዓመት የዴልን ልጅ ካሮላይንን አገባ፤ ከጃንዋሪ 1800 ጀምሮም አስተዳደሩን ተረከበ። በመንደሩ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር። ከዚህ ውስጥ 500 ያህሉ አብዛኞቹ ከድሆች መጠለያ የመጡ ልጆች ሲሆኑ፣ ሲመጡ ከአምስትና ከስድስት እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት የሆናቸው ነበሩ።

እነዚህ ልጆች በውል ነው የመጡት። ታዲያ ፈራሚው ማን ነበር? ልጁ አይደለም። የድሆች አስተዳዳሪዎች ከፋብሪካው ጋር ተስማምተው ያስረክቡታል። መጠለያው ቀለብ ይቀነስለታል፤ ፋብሪካው ርካሽ እጅ ያገኛል። በሕግ ትምህርት ግን ውል እንዲጸና ተዋዋዮቹ ለመዋዋል ችሎታ ያላቸው፣ ፈቃዳቸውም ጉድለት የሌለበት መሆን አለበት። የሚዋዋሉበትም ጉዳይ የታወቀ፣ የሚቻልና ሕጋዊ መሆን ይኖርበታል። የ1952ቱ የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1678 የሚያስቀምጠው ይህንኑ ነው። ታዲያ የስድስት ዓመት ሕፃን ችሎታውስ ፈቃዱስ ከየት ይመጣል?

ዴል ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆቹን ያበላ፣ ያለብስ፣ ማታ ማታም አስተማሪ ያቆምላቸው ነበር። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ልጆቹ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክረምት ከበጋ ፋብሪካ ውስጥ ይውሉና ትምህርቱ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነበር። እኛ ማስተማር የምንለማመድ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋንም። ዓይኑን መግለጥ ያቃተው ልጅ ፊት ፊደል ቢጻፍ ምን ዋጋ አለው? ኦወንም ያየው ይህንኑ ነው፤ ልጆቹ ከትምህርቱ ድካሙን እንጂ ፍሬውን አላገኙም።

ስለዚህ ከድሆች መጠለያ ልጅ መቀበሉን አቆመ፤ ከ10 ዓመት በታች የሆነ ልጅም እንዳይቀጠር ከለከለ። የሥራውን ሰዓት ከምግብ ዕረፍቱ ሌላ በቀን ወደ አሥር ሰዓት ተኩል አወረደ። ሠራተኛው በዱቤ ውድና ብልሹ ሸቀጥ ይገዛበት የነበረውን አሠራር ትቶ፣ ጥሩ ዕቃ በርካሽ የሚሸጥ የመንደር ሱቅ አቋቋመ። ዱላና ስድብም ቀረ። በምትኩ በየሠራተኛው አጠገብ አራት ቀለም የተቀባች ትንሽ እንጨት ተሰቀለች፤ ጥቁር መጥፎ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቢጫ ጥሩ፣ ነጭ በጣም ጥሩ ሥራ ማለት ነው።

አሜሪካ ጥጥ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ባገደች ጊዜ ደግሞ ማሽኖቹ ለአራት ወር ቆሙ። ሥራ ከሌለ ደመወዝ እንዲከፈል የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። ኦወን ግን አንድም ሰው ሳያባርር ሙሉውን ደመወዝ ከፈለ፤ ከ7,000 ፓውንድ በላይ ወጣበት። እስከዚያ ድረስ ባዕድ እያለ ይጠረጥረው የነበረ ሠራተኛ ከዚያ በኋላ ልቡን ሰጠው።

ዱላ የሌለበት ትምህርት ቤት

ኦወን የሰው ጠባይ የሚቀረጸው ባደገበት ሁኔታ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ በጃንዋሪ 1 ቀን 1816 በኒው ላናርክ ትልቅ የትምህርት ተቋም ከፈተ። እግር ተክለው መሄድ የጀመሩ ሕፃናት ሁሉ ይገቡበታል። ለሕፃናቱ የመረጣቸው ሁለት ሰዎች ጄምስ ቡካናን የሚባል ድሃ ሸማኔና ሞሊ ያንግ የምትባል የ17 ዓመት ወጣት ነበሩ። ብዙ የቀለም ትምህርት አልነበራቸውም። መመረጫቸው ትዕግሥትና ልጅ መውደድ ነበር።

የተሰጣቸው ትእዛዝም አጭር ነው። ልጅ አይመታም፤ ክፉ ቃል አይነገረውም። ሕፃናቱ በመጽሐፍ አይጨነቁም። ከደጅ የተለቀመ ተክልና ድንጋይ ይታያል፤ ካርታ ይሰቀላል፤ ይዘፈናል፤ ይጨፈራል። ከየአገሩ እንግዳ እየመጣ ተመለከተው። እኛ ዛሬ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ስንማር እንደ አዲስ የምናየው ነገር በዚያ መንደር ከ200 ዓመት በፊት ተሞክሯል።

ደግ ሰው ወይስ ሕግ?

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። የኒው ላናርክ ሕዝብ ያገኘው ነገር መብት ነበር ወይስ ችሮታ? እውነቱን ለመናገር ችሮታ ነበር። ሰዓቱን የቆረጠው፣ ደመወዙን የወሰነው፣ ደንቡን የጻፈው ኦወን ነው። ሠራተኛው በዚያ ሁሉ ላይ ድምፅ አልነበረውም። ኦወን ቢሞት ወይም ሐሳቡን ቢለውጥ ማን ይከለክለዋል? ከኒው ላናርክ ውጭ ያሉትስ ብዙ ሺህ ልጆች? ደግነት የሚሠራው ደጉ ሰው እስካለና እጁ እስከደረሰ ድረስ ነው። ሕግ ግን ደጉንም ክፉውንም እኩል ያዛል፤ ልዩነታቸው ይህ ነው።

ኦወንም ይህ ገብቶት በ1815 ወደ ፓርላማ ፊቱን አዞረ። ያቀረበው ረቂቅ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ በፋብሪካ እንዳይቀጠር፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው በቀን ከአሥር ሰዓት ተኩል በላይ እንዳይሠራ፣ ልጆቹም እንዲማሩ የሚያዝ ነበር። ከሁሉም በላይ ደመወዝ የሚከፈላቸው ተቆጣጣሪዎች እንዲሾሙ ይጠይቃል። ረቂቁን በፓርላማ ያቀረበው ሰር ሮበርት ፒል ትልቁ ሲሆን፣ እሱም የፋብሪካ ባለቤት ነበር። ኦወን ከልጁ ጋር በየፋብሪካው እየዞረ ማስረጃ ሰበሰበ፤ በ1816ም ለምርመራ ኮሚቴ ቀርቦ ቃሉን ሰጠ።

ባለፋብሪካዎቹ አጥብቀው ተቃወሙ። የክርክራቸው ምሰሶ የውል ነፃነት ነበር። ሥራ የሁለት ሰዎች ስምምነት ስለሆነ መንግሥት አያገባውም፤ ሰዓቱ ከተቆረጠ ንግዱ ይከስራል የሚል ነው። የውል ነፃነት ራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። ችግሩ አንዱ ወገን ውሉን እምቢ ብሎ ነገ ምሳውን የሚበላ፣ ሌላው ግን እምቢ ካለ ጦሙን የሚያድር ሲሆን ነው። ያኔ ሕግ በመካከል ገብቶ ዝቅተኛውን ወለል ያበጃል። ከወለሉ በላይ እንደ ፈቃዳችሁ ተዋዋሉ፤ ከእሱ በታች ግን ብትፈራረሙም አይጸናም ይላል። የሠራተኛ ሕግ መሠረተ ሐሳብ ይህ ነው።

ከአራት ዓመት ጉተታ በኋላ ሕጉ በ1819 ወጣ። ሆኖም ተቆራርጦ ነበር። የሚመለከተው የጥጥ ፋብሪካን ብቻ ሆነ፤ የቅጥር ዕድሜ ዘጠኝ ዓመት፣ ከ16 ዓመት በታች ላሉት የሥራ ሰዓት በቀን 12 ሆነ። ደመወዝተኛ ተቆጣጣሪ የሚለው ቀረ። አፈጻጸሙ ለየአካባቢው ዳኞች ተተወ፤ እነሱም ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ብዙውን ጊዜ ከባለፋብሪካዎቹ ጋር አንድ ማዕድ የሚቀርቡ ሰዎች ነበሩ።

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መንገደኛው በሕግ አምላክ ሲላቸው እጃቸውን የሚሰበስቡት ቃሉን ብቻ ፈርተው አይደለም፤ ከቃሉ በስተኋላ ዳኛ እንዳለ ስለሚያውቁ ነው። ከ1819ኙ ሕግ በስተኋላ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አልቆመም። ኦወን በጣም አዘነ፤ የእኔ ልጅ ነው ብሎም ሊቀበለው አልወደደም። ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው። ሕግ ሦስት እግር ያስፈልገዋል፦ የሚያወጣው፣ የሚያስፈጽመው፣ የሚፈርድበት። አንዱ ከጎደለ እንደ ሦስት ጉልቻ ነው፤ ድስቱ ይደፋል።

ማኅበርና ፍርድ ቤት

ኦወን ከዚህ በኋላ ከባለሥልጣኖች ተስፋ እየቆረጠ ሄደ። በ1825 በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ኒው ሃርመኒ የሚባል መንደር ገዝቶ ሁሉም በጋራ የሚኖርበት ማኅበረሰብ ለማቋቋም ሞከረ። ሰዎቹ በአስተዳደሩ ስላልተስማሙ ሙከራው በ1827 ፈረሰ፤ አብዛኛው ሀብቱም በዚያ አለቀ።

ወደ እንግሊዝ ሲመለስ የሠራተኛው ሁኔታ ሌላ መልክ ይዞ ጠበቀው። በ1799 እና በ1800 የወጡት ሕጎች ሠራተኞች ለደመወዝ ጭማሪ መደራጀታቸውን ወንጀል አድርገውት ነበር። በ1824 ተሻሩ፤ በ1825 የወጣው ሕግ ደግሞ መደራጀቱን በጠባቡ ፈቀደ። ሆኖም የ1823ቱ የጌታና የአገልጋይ ሕግ ገና በሥራ ላይ ነበር። በእሱ መሠረት ሠራተኛ ውሉን ጥሎ ቢሄድ እስከ ሦስት ወር ይታሰራል። አሠሪው ውሉን ቢያፈርስ ግን ጉዳዩ የገንዘብ ክርክር ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር አንዱ ውል ለሠራተኛው የወንጀል፣ ለአሠሪው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ሆነ። ወንጀል በእስር ያስቀጣል፤ ፍትሐ ብሔር ግን ኪሣራ ያስከፍላል። በአንድ ወረቀት የፈረሙ ሁለት ሰዎች በሁለት ሚዛን ሲለኩ እኩልነቱ የቱ ላይ ነው?

በ1833 መጨረሻ በደርቢ ከተማ ባለፋብሪካዎች ሌላ ዘዴ አመጡ። ሠራተኛው ከማኅበር መውጣቱን በወረቀት ካልፈረመ ሥራ የለህም ተባለ። ይህም ውል ተብሎ ነው እንግዲህ! ሠራተኞቹ አንፈርምም ብለው ክረምቱን በረኃብ አሳለፉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በ1834 መጀመሪያ ላይ በየሙያው የነበሩ ማኅበሮች ተሰባስበው ታላቁን ብሔራዊ የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት አቋቋሙ፤ ኦወንም ከፊት ተሰለፈ።

በዚያው ዓመት ቶልፐድል በምትባል የገጠር መንደር ስድስት የእርሻ ሠራተኞች ተያዙ። የሳምንት ደመወዛቸው ከ9 ሺልንግ እየተቀነሰ 7 ደርሶ፣ ወደ 6 ሊወርድ ነው ሲባል ማኅበር ያቋቋሙ ሰዎች ናቸው። መደራጀት ራሱ በሕግ የተፈቀደ ስለነበር በዚያ መክሰስ አልተቻለም። ስለዚህ አባል ሲቀበሉ መሐላ አስምላችኋል ተብለው፣ በ1797 የባሕር ኃይል ዓመፅን ለመከላከል በወጣ ሕግ ተከሰሱ። የሰባት ዓመት ግዞት ተፈረደባቸውና በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ተወሰዱ።

ኤፕሪል 21 ቀን 1834 በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በለንደን ሰልፍ ወጣ፤ ኦወንም አብሮ ነበር። ከ200,000 በላይ ሰው የፈረመበት አቤቱታም ተዘጋጀ። ኅብረቱ በዚያው ዓመት ፈረሰ። አቤቱታው ግን ከንቱ አልቀረም፤ በ1836 ስድስቱም ምሕረት ተደረገላቸው። ከዚህ የምንረዳው ሕግ ለሌላ ጉዳይ ተጠምዝዞ ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል፣ እንዲሁም ፍርድ በሕዝብ ዓይን ሥር ሲሆን ሊታረም እንደሚችል ነው።

ከእሱ በኋላ የመጣው

ኦወን እስከ እርጅናው ድረስ ሲጽፍና ሲናገር ኖረ። በመጨረሻም ወደ ተወለደባት ወደ ኒውታውን ተመልሶ ኖቬምበር 17 ቀን 1858 በ87 ዓመቱ ሞተ፤ በወላጆቹም መቃብር አጠገብ ተቀበረ። የሀብታም ሞት አልነበረም።

ስሕተት አልነበረበትም አንልም። ገዥዎችን በምክር ብቻ እለውጣለሁ ብሎ ብዙ ዓመት አባክኗል፤ የጀመራቸው ማኅበረሰቦችም ፈርሰዋል። የለመነው ነገር ግን አንድ በአንድ መጣ። በ1833 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ደመወዝተኛ ተቆጣጣሪዎችን ሾመ። ከ9 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆችም በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩና በቀን ሁለት ሰዓት እንዲማሩ አዘዘ። የተቆጣጣሪዎቹ ሪፖርት በየጊዜው እየታተመ የተደበቀውን ሁሉ ገለጠ። በ1844 በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች የኦወንን ሐሳብ ይዘው የሸማቾች ኅብረት ሱቅ ከፈቱ። በ1847 የሴቶችና የወጣቶች የሥራ ሰዓት በቀን አሥር ሆነ። በ1875 ደግሞ ያ የጌታና የአገልጋይ ሕግ ተሻረ፤ ስሙም ሳይቀር አሠሪና ሠራተኛ ተባለ። በ1919 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሲመሠረት የመጀመሪያው ስምምነቱ በኢንዱስትሪ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 እንዲሆን ነበር። አገራችንም በ1923 የድርጅቱ አባል ሆናለች።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይደነግጋል። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናውን ነገር የያዘ፣ የተፈረመበት ደብዳቤ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ከመካከላችን በግል ትምህርት ቤት የሚቀጠር ይህ አዋጅ ይመለከተዋል። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚመደበው ግን የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ልዩነቱን ሳናውቅ ብንፈርም ስንበደል ወዴት አቤት እንደምንል እንኳ አናውቅም።

ሌላም አለ። ነገ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ይገጥመናል። ሰነፍ ነው ብለን ከመቆጣታችን በፊት ሌሊቱን የት እንደሠራ፣ ለማንስ እንደሠራ እንጠይቀው። ከ1819 እስከ 1833 ድረስ የእንግሊዝ ሕፃናት ያጡት ሕጉን ሳይሆን ዓይቶ የሚናገርላቸውን ሰው ነበር። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በየመንደሩ ላይደርስ ይችላል፤ መምህር ግን ይደርሳል። ስለዚህ ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት ውሉን እናንብብ፤ የተማሪዎቻችንንም ፊት እንደዚያው እናንብብ።